«ለሣር ነው የምታኮርፊው?»

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል።

ነገሬ ትንሽ ነው፤ ለሰው ስነግረው ሁሉም ይስቃል። ከእኔ ሆድ ግን ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፣ አልወጣ አለ።

ካገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ጉለሌ፣ በባለቤቴ እናት ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ብቀጥል ነውር ይሆንብኛል። እኔ ሥራ ውዬ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ስለምገባ፣ አራት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዘውልኝ የሚውሉት እርሳቸው ናቸው። ግቢው ግን የእርሳቸው ነው። ጽጌረዳው፣ ጄራኒየሙ፣ ጤና አዳሙ፣ በሩ ላይ ያለው ኮሰረት ሁሉ በእጃቸው የተተከለ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ እንኳ እርሳቸው ከሰቀሉበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

የካቲት ላይ ከኋላ ግንብ ሥር ያለች፣ ማንም የማይፈልጋት ጥግ ዓይኔን ሳበችው። እሽግ ዘር ገዛሁ፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ማሪጎልድ የሚባለውን አበባ። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ እየወጋሁ ዘራሁት፤ አንድም አልበቀለም። መጋቢት መጨረሻ ላይ ዝናብ ሲጥል የተረፈውን ዘር አምጥቼ፣ አሁን ግን አፈሩን በእጄ ጫር ጫር ብቻ አድርጌ በተንሁት። በቀለ! ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነሳ ወጥቼ አየው ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። ሐሳቤ ቆስጣው ሲደርስ ቆርጬ በሰፌድ ለአማቴ ማቅረብ ነበር። የምታውቀው ልጄ ብቻ ናት።

ሚያዝያ 30፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ ከሥራ ስመለስ ግቢው ተጠርጓል፤ ጥጓም ተቆፍራ፣ ተደልድላ፣ ንጹሕ ሆናለች። ልጄ ሮጣ መጣችና ጭብጧን ከፈተችልኝ። ሦስት የጠወለጉ የቆስጣ ችግኞች፣ ሥራቸው ላይ አፈር እንደያዙ። «ከቆሻሻው ውስጥ አወጣኋቸው» አለችኝ።

አማቴን ብጠይቃቸው «አረም ነው እንጂ እዚያ ምን ነበር?» አሉኝ። ባለቤቴ ሳቀ። «ለሣር ነው የምታኮርፊው?» አለኝ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ከአማቴ ጋር ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ንግግር የለንም። ቡናቸው ላይም አልቀመጥም። የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥረው ከጓዳው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ሴት ችግኝ ከአረም አይለዩም ብሎ ማመን ከበደኝ። አንዳንዴ አውቀው ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ነገር የማበዛው እኔው ነኝ እላለሁ።

ልተወው? ወይስ በባልዲና በጀሪካን ደጃፌ ላይ ብቻዬን ልቀጥል? ወይስ ተከራይተን እንውጣ ብዬ ባለቤቴን ልያዘው? የመጀመሪያው ዘርስ ለምን አልበቀለም?

ችግኟ የተነቀለባት፣ ከጉለሌ

እህቴ፣

እኔ አልሳቅሁም። ልጅሽ ጭብጧን የከፈተችበት ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ቡናዬን ጠጣሁና ነው የቀጠልሁት። ዘር ዘርቶ የበቀለለት ሰው ያችን ጠዋት ያውቃታል። ትናንት ባዶ የነበረው አፈር ዛሬ ስንጥቅ ብሎ፣ አንገቱን የደፋ አረንጓዴ ክር ብቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ አንቺ ብቻ ስታዪው። የተነቀለብሽ እርሷ ናት። ስለዚህ ባለቤትሽ «ለሣር» ማለቱ ልክ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፋት ኖሮት የሳቀ አልመሰለኝም። በእናቱና በሚስቱ መካከል መቆም የማይፈልግ ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳቅ ውስጥ ነው የሚገባው። እርሱን በኋላ ሥራ እናስይዘዋለን፤ ማምለጥ የለም።

ወደ አማትሽ ልምጣ። አውቀው ነው ወይ? እኔ ቤታችሁ የለሁም፣ የፊታቸውንም ሁኔታ አላየሁም። ደብዳቤሽ ውስጥ ያለውን ብቻ ይዤ ስፈርድ ግን፣ አላወቁም ባይ ነኝ። ቀኑን ተመልከቺው። የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው። ልደታ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚከበር በዓል አይደለም፤ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ሜዳ ላይ ተፈልቶ ነው። በማግሥቱ ሰፈሩ ግቢያቸው ሊገባ የነበረ ሴት ዋዜማውን ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ጥግ ጥጉን ያጸዳሉ።

«የጎመን ዘር የሚያስቀምጡ ሴት እንዴት አይለዩም?» ያልሽው ደግሞ እኔን ያሳመነኝ በተቃራኒው ነው። ጎመንን ይለያሉ፤ የልብ ቅርጽ ያላቸውን ሁለት የመጀመሪያ ቅጠሎቹን ገና ከአፈር ሲወጡ ያውቋቸዋል። አንቺ ግን ጎመን አልዘራሽም። ቆስጣ ሲበቅል ቀጭን፣ ሞላላ፣ አንገቱ ቀላ ያለ ነገር ነው፤ በየአጥሩ ሥር ከሚበቅለው ከአሉማ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ሕፃንነታቸው ላይ ይመሳሰላሉ። ካሮት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሣር በምንም አይለይም። ማሪጎልድማ የባሰ ነው፤ ሲያሹት የሚሸት የዱር ዘመድ አለው፣ እርሱን አማትሽ በሕይወታቸው ስንት ሺህ ጊዜ እንደነቀሉት እግዚአብሔር ይወቅ። ያንን ቅጠል በሁለት ጣታቸው አሽተው ካሸተቱት፣ አረም መሆኑን በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን በአፍንጫቸውም አረጋግጠዋል ማለት ነው። እኔ ራሴ፣ ይህን ዓምድ የማዘጋጅ ሴት፣ አንድ ክረምት የገዛ እጄ የዘራውን ካሮት ከጫፍ እስከ ጫፍ አርሜ ጨርሼ፣ ቀና ብዬ «ጎሽ፣ ጸዳ» ብያለሁ።

ደግሞም በመስመር አልዘራሽም፣ በተንሽው። ዓረም አራሚ ዓይን መስመር ሲያይ ይጠነቀቃል፤ ተበትኖ የበቀለ ነገር ግን ለማንም «እኔ የሰው ነኝ» አይልም።

እስቲ አሁን ቀስ ብዬ ልጠይቅሽ። ለምን ደበቅሽው? ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። «ሲደርስ በሰፌድ ላቀርብላቸው» ማለትሽ ልቤን ነክቶታል። ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር አጠገብ ሌላም ነገር አነበብሁ፤ ያ የልብስ ማስጫ ገመድ። ስድስት ዓመት የኖርሽበት ግቢ ውስጥ ሳታስፈቅጂ የነካሽው የመጀመሪያው ነገር ያች ጥግ ትሆን? ብታስፈቅጂ እንቢ እንዳይሉሽ ፈራሽ፣ ወይስ እሺ ብለው መልሰው የእርሳቸው እንዳያደርጉት? የፈለግሽው አትክልት ነው፣ ወይስ የራስሽ የሆነ አንድ ሜትር መሬት? ሁለቱም ቢሆን አያሳፍርም። መልሱ ግን የሚቀጥለውን እርምጃሽን ይወስነዋል፤ ስለዚህ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው።

ካነሳሻቸው ሦስት መንገዶች ውስጥ «ልተወው» ያልሽውን አልወደድሁትም። ብትተዪው ቂሙ አይተውሽም። በየዓመቱ ሚያዝያ 30 ሲመጣ ያችን ጥግ ታያታለሽ። ተከራይቶ መውጣት ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሌላ ምክንያት ካለሽ በሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ለቆስጣ ተብሎ ግን የቤት ኪራይ አይከፈልም። የባልዲና የጀሪካኑ ሐሳብ መጥፎ አይደለም፣ እመለስበታለሁ። «ብቻዬን» ያልሽው ቃል ነው ያላማረኝ። ልጅሽን የሚያውሉልሽ እርሳቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ አንቺ በሌለሽበት ግቢ ውስጥ ያለ ችግኝ፣ ብትወጂም ባትወጂም፣ የሚኖረው በአማትሽ ዓይን ሥር ነው። ዶሮ ሲገባበት የሚያባርሩት፣ በረዶ ሲጥል ጆንያ የሚያለብሱት እርሳቸው ናቸው። ወይም አያደርጉም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ አፈር መቆፈር አይደለም። እሑድ ቡናቸው ላይ ሄደሽ ተቀመጪ። አቦሉ ላይ ምንም አትናገሪ፤ ኩርፊያው ራሱ አቦሉን ይፈልጋል። ቶናው ሲቀዳ ግን እንዲህ በያቸው፤ «እማዬ፣ እዚያ ግንቡ ሥር ቆስጣና አበባ ዘርቼ ነበር። ሳልነግርዎ ነው የዘራሁት። ሲነቀል ግን አዘንሁ።» በቃ። «ለምን ነቀሉብኝ?» የሚለውን አትጨምሪበት፤ «ለምን» ከገባ መልሱ ክርክር ነው። ከዚያ ዝም በይና አዳምጪ። ምናልባት ይደነግጣሉ። ምናልባት «ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብለው መልሰው ይቆጡሻል፤ የአንዳንድ እናቶች ይቅርታ የሚመጣው በቁጣ ተጠቅልሎ ነውና ፈትተሽ ተቀበዪው። ብቻ አንድ ነገር ሳትጠይቂ እንዳትነሺ፤ ያን በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር አንድ ቁንጥር እንዲሰጡሽ፣ እንዴት እንደሚዘራም እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው።

ይህን የምልሽ ለሽንገላ አይደለም። በጨርቁ ውስጥ ያለው ዘር ከገዛሻቸው እሽጎች ሁሉ ይበልጣል። የአበሻ ጎመን ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፤ አገሩ ይኸው የእኛ ደጋ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በቅሎ ጭኖ አገራችንን የዞረው እንዲህ ያለውን በየጓዳው የተሰቀለ ዘር ሊሰበስብ ነበር። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይህንኑ ሥራዬ ብሎ የሚያስቀምጥ የዘር ባንክ አለ። የእሽጉ ላይ ሥዕል ያምራል፤ ነገር ግን ብዙው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ አንዳንዱም ድቅል ስለሆነ ከእርሱ የወሰድሽው ዘር እናቱን ላይመስል ይችላል። የአማትሽ ጎመን ግን በየዓመቱ የዚያን ግቢ ውርጭና የዚያን ግቢ ዝናብ እያየ የመጣ ነው። በቡቃያነቱም ያውቁታል። በእርሱ ከጀመርሽ ቢያንስ አንዱ መስመር አይነቀልም።

አሁን ወደ አፈሩ። የየካቲቱ ዘር ለምን ቀረ? ጣትሽ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሰላጣ ዘር ከስንዴ ቅንጣት እጅግ ያነሰ ነገር ነው፤ በሆዱ የያዘው ስንቅ ከዚያ ጥልቀት አያወጣውም፣ እዚያው መንገድ ላይ ያልቅበታል። ዘር የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ቆስጣ ትልቅ ስለሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይችላል። ካሮት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰላጣ ብርሃን ይወዳል፤ በጣቶችሽ አፈር ነስነስ ካደረግሽበት ይበቃዋል። በዚያ ላይ የካቲት ደረቅ ነው። ጠዋት ያጠጣሽው የላይኛው አፈር እኩለ ቀን ሳይሞላ ይደርቃል፤ ማቆጥቆጥ የጀመረ ዘር አንድ ቀን ከደረቀ ደግሞ ሁለተኛ አይነሳም። መጋቢት ላይ የበቀለልሽ ጥልቀቱን ስለቀነስሽና ዝናቡ ስለረዳሽ ነው። ሳታውቂው ሁለቱንም ስሕተት ራስሽ አርመሻል።

እሽጉ ውስጥ የቀረ ዘር ካለሽ ከመዝራትሽ በፊት ፈትኚው። አሥር ፍሬ ቆጥረሽ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልይና በሳሕን ላይ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪው፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቅሽ። ቆስጣና ሰላጣ በሳምንት ውስጥ ነጭ ሥር ያወጣሉ። ከአሥሩ ሰባት ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው። ሦስት ብቻ ከሆነ አፈርሽን አትውቀሺ፤ ሌላ ግዢ። ሽንኩርት ለመዝራት ካሰብሽ በተለይ የእሽጉን ቀን እይ፤ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፣ ቲማቲም ግን ብዙ ዓመት ይቆያል።

ሰኔ ደጃፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ መሬት ላይ አትበትኚ። የሐምሌ ዝናብ ጥቃቅኑን ዘር አጥቦ ወደ ጎረቤት ይወስድብሻል። በዕቃ ዝሪ። የእርጎ ኩባያ ይሁን በቁሙ የተሰነጠቀ የውኃ ላስቲክ፣ ምንም አይደለም፤ ከሥሩ በጋለ ምስማር ብሺውና ውኃው ይውረድ። የእንቁላል ካርቶን ሰዎች ይወዳሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ወይ ቶሎ ይደርቃል ወይ ረጥቦ እጅሽ ላይ ይፈርሳል። አፈሩን ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገሽ አደባልቂው። ፍጉ መበስበሱን በእጅሽ አንስተሽ አሽትቺው፤ የዝናብ አፈር ከሸተተ ደርሷል፣ በረት በረት ካለ ችግኙን ያቃጥለዋል። ለማጠጫ የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ሰባት ስምንት ቦታ ውጊው፤ ከዚያ የተሻለ ዝናብ የሚያወርድ ማጠጫ ሱቅ ውስጥ አላየሁም።

ዕቃዎቹን ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ብርሃን የሚያገኙበት ግን ዝናብ የማይደርስባቸው ቦታ ደርድሪ። ደጋግመሽ ካጠጣሽ ወይም አጨናንቀሽ ከዘራሽ፣ ቡቃያዎቹ አንድ ቀን ከአፈሩ ልክ ላይ አንገታቸው እንደ ክር ይቀጥንና ይወድቃሉ። ይህ ከእርጥበት የሚመጣ የሻጋታ በሽታ ነው፤ የወደቀውን አታድኚውም፣ የቀረውን አሳሺውና ነፋስ አስገቢበት። ከአንድ የቆስጣ ዘር ሁለትና ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አትደነቂ፤ ዘር ያልነው ነገር ብዙ ፍሬ የተጣበቀበት ነው። ጠንካራውን አስቀርተሽ ሌላውን በመቀስ ቁረጪ። መንቀል እንኳ ለጊዜው እጅሽ የሚታዘዝ አይመስለኝም።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የቡቃያ ቅጠሎች በኋላ አራትና አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ነው ወደ ጥግሽ የሚሄዱት። ይህ ለአንቺ ሁለት ጥቅም አለው፤ ያኔ ቆስጣው ቆስጣ ይመስላል፣ ማንም ዓይን ያለው ሰው አረም አይለውም። ካሮት ብቻ ነው መዛወር የማይወደው፤ ሥሩ ይንጋደዳል። እርሱን ዝናቡ ሲቀንስ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በቦታው በመስመር ዝሪና ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ታገሺው። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ቆፍሮ የሚያበላሸው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

እዚህ ላይ ነው ባለቤትሽ የሚገባው። ሣር ነው ያለው እርሱ መደቡን ይሥራ። ግንቡ ሥር ስለሆነ የምትደርሺው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ወርዱ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ይበቃል። አፈሩ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ውኃ ይተኛበታል። ዳር ዳሩን በድንጋይ ወይም በተገለበጠ ጠርሙስ ይከበብ። ያ ክብ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ ታስቦበት የተቀመጠ ነው ይላል። ፍጉንም እርሱ ተሸክሞ ያምጣ። ፀሐይ የትኛው ሰዓት እንደምታርፍበት ግን አንቺው አንድ ቅዳሜ ውለሽ እይ፤ ግማሽ ቀን እንኳ የማታገኝ ከሆነ ለአበባው ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ሰላጣና ቆስጣ ግን ጥቂት ጥላ ይችላሉ።

ለቤታችሁ ስምንት የቆስጣ እግር ይበቃል፣ በመካከላቸው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ትተሽ። ከሥሩ አትቁረጪው፤ የውጭ የውጩን ቅጠል ብትቀጥፊ ለወራት ይሰጥሻል። ጎመኑም እንዲሁ። ከጎመኑ ውስጥ ግን ሁለቱን ጎበዞች ሳትነኪ ተያቸው፣ አብበው ዘር እስኪቋጥሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ቋጠሮ ከአንቺ መደብ ይሁን። ቲማቲም ያምርሻል፣ አውቃለሁ፤ ሁሉንም ያምረዋል። በክረምት ዝናብ ግን ቅጠሉ ተቃጥሎ ያልቃል። ነሐሴ መጨረሻ በኩባያ ዝሪው፣ መስከረም መጨረሻ ግንቡን አስደግፈሽ ትከዪው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ ውርጭ አለና ጆንያ አልብሺው። እስከዚያው ጎመን በጤና።

አበባውን ለመጨረሻ ያቆየሁት የሚያስታርቃችሁ እርሱ ስለመሰለኝ ነው። አማትሽ ጽጌረዳ የሚያሳድጉ፣ ልደታን ደጅ ወጥተው የሚያከብሩ ሴት ከሆኑ፣ ዘመነ ጽጌ ሲገባ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። ማሪጎልዱን ሰኔ አጋማሽ ላይ በኩባያ ብትዘሪው፣ ደመናው ቢያዘገየው እንኳ መስከረም ውስጥ ማበብ ይጀምራል፣ ጽጌንም ይዞ ይዘልቃል። ግማሹን መደብሽ ዳር ትከዪ፤ ግማሹን ለእርሳቸው ስጪያቸው። የት እንደሚተከል አንቺ አትወስኚ። ምናልባት በጽጌረዳው መካከል ይተክሉታል፣ ምናልባት «ይኼ የሚሸት ነገር» ብለው በር ላይ ያቆሙት ይሆናል። የተሰጠ ነገር ነውና እንደወደዱ ያድርጉት።

አንድ ያልተነካ ነገር ቀረ። እሑድ ዕለት ነግረሻቸው፣ ሰምተው፣ ቦታውን እንቢ ቢሉሽስ? ወይም፣ አይመስለኝም እንጂ፣ አውቀው እንደነቀሉት ከንግግራቸው ቢገባሽስ? ያኔ ባልዲሽን አውጪ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ ተቆርጦ፣ ሥሩ ተበስቶ፣ ሦስት የቆስጣ እግር ይይዛል። ደጃፍሽ ላይ፣ በግልጽ፣ በቀን ብርሃን ትከዪው። ጠዋት ሰው ሳይነሳ አይደለም። ባለቤትሽንም ያኔ «ሣር» በማይባልበት ቋንቋ አነጋግሪው፤ «እናትህን ምረጥ» ብለሽ ሳይሆን «እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ የማደርገው ነገር ምን ያህል ቦታ አለው?» ብለሽ። ይህን ጥያቄ በአንድ ማታ አይመልሰውም። ተዪው ያስብበት።

ስለ ልጅሽ ልጨምር። ከቆሻሻ ውስጥ ሦስት ችግኝ ለይታ ያወጣች ልጅ የራሷ ዘር ይገባታል። ለትንሽ እጅ የሚመቸው የፈረንጅ ሱፍ ነው፣ ያ ፊቱ እንደ ሰፌድ የሚሰፋው ቢጫ አበባ። ፍሬው ትልቅ ነው፣ አይጠፋትም፤ ሲበቅልም ወፍራም ሆኖ፣ የዘሩን ቅርፊት እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ስለሚወጣ ማንም አረም ብሎ አይነቅለውም። ያልተቆላውን ፈልገሽ ስጫት። ሦስት ፍሬ በሦስት ኩባያ ትዝራ፤ አንዱን ለአንቺ፣ አንዱን ለአያቷ፣ አንዱን ለራሷ። በሦስተኛው ቀን ይብቀል አይብቀል ለማየት ቆፍራ ካወጣችው አትቆጪያት፤ መልሳ ትቅበረው።